«ቀጭ» ያላለው መዝጊያ

ሐምሌ ነው። ጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሚሠራ መንገድ ላይ ሌሊቱን ዘንቦ ሥፍራው ጨቅይቷል። መረሬው ተቆርጦ ወጥቶ በምትኩ የገባው ሰሌክት (የተመረጠ የሙሌት አፈር) በሮለር ተጠቅጥቋል፤ የቀረው ዴንሲቲውን፣ ማለትም ምን ያህል እንደጠጠረ፣ በጨረር በሚለካው ኒውክሌር ጌጅ መለካት ነበር።

በጌጁ ዘንግ ጫፍ 0.3 ጊጋቤክሬል (የራዲዮአክቲቭነት መጠን መለኪያ) ያህል ሲዚየም-137 የሚባል ጨረር አመንጪ አለ፤ ዩራኒየም በሬአክተር ውስጥ ሲሰነጠቅ የሚገኝ ነው። ጋማ ጨረሩ አፈሩን አልፎ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ቆጣሪዎች ጋ ይደርሳል፤ አፈሩ በጠጠረ ቁጥር የሚደርሰው ያንሳል። እርጥበቱን የሚለካው ሌላ ምንጭ ነው፣ አሜሪሲየም-241 ከቤሪሊየም ጋር።

ቴክኒሻኑ በችንካር በስቶ ዘንጉን 15 ሴንቲሜትር አወረደ፤ አንድ ደቂቃ ጠብቆ መለሰው። ዘንጉ ሲመለስ ከሥሩ ያለው፣ ጨረሩን የሚያግደው የተንግስተን መዝጊያ በስፕሪንግ ተገፍቶ «ቀጭ» ማለት ነበረበት። አላለም። ጭቃ መንሸራተቻውን ሞልቶታል። እጀታው ግን ላይ ስለወጣ የተዘጋ ይመስላል፤ የዚህ ዕቃ ክፉ ጠባዩ ይሄ ነው።

ቴክኒሻኑ የጌጁን ሆድ፣ የታችኛውን ገጽ፣ ወደ ራሱ አጋድሞ ጭቃውን በጣቱ ይፈለቅቅ ጀመር። ፎርማኑ ከሮለሩ አጠገብ፣ «አንተ! እጅህን አንሣ! ሆዱን ወደ ወዲያ አዙረው!» ብሎ ጮኸ።

መከላከያ የሌለው ይህ ምንጭ 1 ሜትር ላይ በሰዓት 25 ማይክሮሲቨርት ገደማ ይሰጣል (ሲቨርት ሰው የሚቀበለው ጨረር መለኪያ ነው፤ አንድ ሺህ ማይክሮሲቨርት አንድ ሚሊሲቨርት ነው)። 10 ሴንቲሜትር ላይ መቶ እጥፍ፣ 1 ሴንቲሜትር ላይ ደግሞ የዚያ መቶ እጥፍ ነው፤ በሰዓት 250 ሚሊሲቨርት። ጥቂት ሰከንድ እጅ አያቃጥልም። ግን እንደዚያው ክፍቱን ፒካፕ ላይ ቢጫን፣ የጌጁ ሆድም ወደ ወንበሩ ቢዞር፣ ተሳፋሪው ሳያውቀው መንገዱን ሙሉ ይቀበላል። ለሕዝብ የተፈቀደው በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው።

ጨረር መለኪያው ካምፕ ነበር፣ ባትሪው አልቆ። ከጭቃው ይልቅ ይሄኛው ያስቆጣል፤ ዝናብ ሰው አያዝዘውም፣ ባትሪ ግን ይቀየራል።

ሠራተኛው 5 ሜትር እንዲርቅ ተደረገ። ባትሪ እስኪመጣ ተጠበቀና መለኪያው ጨረሩ በዋናነት በጌጁ ሆድ በኩል እንደሚወጣ አሳየ። አንዲት ቀን ሠራተኛ፣ «አፈሩስ ተመረዘ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አልተመረዘም፤ ሲዚየሙ በብረት ቀፎ ውስጥ ታሽጎ ስላለ አይፈስም፣ ጋማውም አፈሩን ራዲዮአክቲቭ አያደርገውም።

የጨረር ደኅንነት ኃላፊው መጥቶ ከጌጁ ጀርባ ቆመ። የታችኛውን ሳህን ፈታ፣ በመስታወት እያየ በረጅም እጀታ ብሩሽ መንሸራተቻውን ጠረገ። የወጣው ጭቃ ማንኪያ አይሞላም። ሳህኑን መልሶ ካሰረ በኋላ ዘንጉን ሦስት ጊዜ አውርዶ መለሰው፤ ሦስቱንም ጊዜ «ቀጭ» አለ፣ የመለኪያውም ቁጥር ወረደ።