በካሊፎርኒያ የጭስ ሰሞን እናቴ ቡና ስታፈላ

ጅማ በመጣሁ ቁጥር አብሮ አደጎቼ የሚጠይቁኝ ስለ ደመወዝና ስለ ቪዛ ነበር። ዘንድሮ ግን ባለቤቴ ከምንኖርባት ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ ደውሎ «ጭሱ ስለበረታ የአየር ማጣሪያውን ሌሊቱን ሙሉ አላጠፋውም» ሲለኝ ሰሙና፣ «አንቺ፣ አሜሪካ አየርም በማሽን ተጣርቶ ነው እንዴ የሚተነፈሰው?» ብለው ያዙኝ። ፈረንጅ አራዳ ተቀምጠን ነበር፤ ውጭ የነሐሴ ዝናብ ይወርዳል። እዚህ ሰማዩ በሚያፈስበት በዚህ ወቅት እዚያ ሣሩ ደርቆ ክብሪት የሚጠብቅ መሆኑን በቃል ማስረዳት ስላቃተኝ ነው ይህን የምጽፈው።

የካሊፎርኒያ የደረቅ ወራት ብዙ ጊዜ እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም እስከ ኅዳር ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 የተነሣው እሳት ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ አውድሞ 85 ሰዎችን ገደለ። እኛ ያለንበት ኦክላንድ ከዚያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅም ጭሱ ደርሶ ለቀናት ተኛብን፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ጅማ የተነሣ ጭስ ጊቤን ተሻግሮ ወልቂጤ ላይ ሕፃን ሳል ሲያስይዝ አስቡት። ጉዳቱ በዋናነት ከሽታው አይደለም። ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንሱ ብናኞች አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዳቸው ሳንባ ውስጥ ጠልቀው ይገባሉ፤ የመጀመሪያ ልጄ ደግሞ አስም አለበት። የሰው ዓይንም በዚህ ነገር አይታመንም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2020 ሰማዩ በቀትር ብርቱካናማ ሆኖ መብራት አብርተን ስንውል፣ ከባሕር የመጣው ቀዝቃዛ አየር ጭሱን ከላይ ይዞት ስለነበር መሬት ላይ የምንተነፍሰው አየር ከተከታዮቹ ቀናት የተሻለ ነበር።

ለዚህ ነው ማጣሪያ የገዛነው። ውስጡ ያለው ሄፓ የሚባል ፊልትሮ 0.3 ማይክሮሜትር የሚሆኑትን ብናኞች እንኳ 99.97 በመቶ ያስቀራል፤ በር መስኮት ዘግቶ አንድ ክፍል ውስጥ ሲያሠሩት የልጄ ደረት ሲረጋጋ በዓይኔ አይቻለሁ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ የልጅ ልጆቿን ለማየት ከጅማ የመጣችው በዚያው በ2018 የጭስ ሰሞን ነበር። አንድ ቅዳሜ ከኛ በላይ የምትኖር የአገራችን ልጅ እናቷ አርፋባት ኖሮ እናቴ እንድታጽናናት ጠራቻት፤ ሌሎች ሦስት ሴቶችም መጡ። እናቴ ረከቦቱን አሰናድታ፣ ከጅማ ያመጣችውን ጥሬ ቡና አጥባ መቁላት ጀመረች፤ ዕጣኑንም ጨመረች። ወዲያው ጥግ የቆመው ማጣሪያ ሰማያዊ መብራቱን ወደ ቀይ ለውጦ እንደ አውሎ ነፋስ ጮኸ፤ ቀጥሎም የጣሪያው የጭስ ደወል ተነሣ። ደቂቃ ሳይቆይ የሕንፃው ኃላፊ በሩን ደበደበና ገብቶ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ፣ በሐዘንተኛዋ ፊት ጣቱን እናቴ ላይ ቀስሮ እንድታጠፋው አዘዘ። እናቴ ቋንቋውን ባትሰማም ጣቱን ተረድታዋለች። ጅማ ውስጥ የቡናዋ ሽታ ጎረቤት የሚጠራ ሴት፣ ምጣዱን በእጇ እንደያዘች ዞራ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? ቡና ነው እኮ» አለችኝ። ሴቶቹ አቀርቅረው ተቀመጡ። ሰው ሐዘን ላይ ሲቀመጥ ድምፅን ዝቅ ማድረግን የትኛውም አገር ደንብ አይከለክልም፤ ያ ሰው ግን ደወሉን እንጂ ሐዘኑን አልሰማም።

ያስገረመኝ ደግሞ ማጣሪያው ትክክል መሆኑ ነው። የማሽኑ መለኪያ የሚቆጥረው ብናኝን ነው፤ ከጫካ ይምጣ ከዕጣን አይለይም። የምንቆላው ቡናና የምናጨሰው ዕጣን መስኮቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚለቁት ብናኝ ያንኑ የምንሸሸውን ዓይነት ነው። ይህን ለእናቴ ለመንገር ሁለት ቀን ከበደኝ፤ ስነግራት ግን የልጅ ልጇን ትንፋሽ አዳመጠችና ጭሱ እስኪያልፍ ቀድሞ የተቆላውን እያፈላን ያለ ዕጣን እንድንጠጣ ራሷ ፈረደች። አቦል፣ ቶናና በረካው አልቀረም።

እንግዲህ «የኛ አየር ንጹሕ ነው» ለምትሉኝ የጅማ ልጆች፣ የቦዬ ነፋስና የጂረን ኮረብታ ንጹሕ ስለመሆናቸው አልከራከርም። ማድ ቤታችን ግን ንጹሕ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ አብዛኛው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ከሚበስልበት ምድጃ የሚመጣ ነው። ለዚያ ማሽን ከአሜሪካ ላኪልን አትበሉኝ። እሳቱ ራሱ እቤት ሲነድ ማጣሪያ አይደርስለትም፤ የሚሻለው እንጨት የሚቆጥበው ምርጥ ምድጃና ጭሱ የሚወጣበት መስኮት ነው። እናቴ ከተመለሰች በኋላ መጀመሪያ ያሠራችው የማድ ቤቷን መስኮት ነው።

ወደ ካሊፎርኒያ ለምትሄዱ ደግሞ የምነግራችሁ አለ። ማጣሪያ ስትገዙ የማስታወቂያውን ጩኸት ትታችሁ ሣጥኑ ላይ ለጭስ የተጻፈውን፣ ማሽኑ በደቂቃ ምን ያህል ንጹሕ አየር እንደሚያወጣ የሚያሳየውን የሲኤዲአር ቁጥር ተመልከቱ፤ ለሰደድ እሳት ጭስ ቁጥሩ ከክፍሉ የካሬ ጫማ ስፋት ባያንስ ይመረጣል፤ 200 ካሬ ጫማ ለሆነ ክፍል 200። ኦዞን የሚባል ጋዝ የሚለቀውን አትንኩት፤ ኦዞኑ ራሱ ሳንባ ይጎዳል፤ ካሊፎርኒያም ከ0.05 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 0.05 እጅ) በላይ የሚለቅ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ገንዘብ ላነሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል ያስተዋወቁት መላ አለ፤ የማጣራት ደረጃው መርቭ 13 የተባለውን ፊልትሮ አራት አድርጎ በሣጥን ቅርጽ በፕላስተር ማያያዝና ከላይ ቬንትሌተር መግጠም ነው። ከሁሉ በላይ፣ ለቡና ብላችሁ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ከሰል እንዳታያይዙ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ሲሆን፣ ሄፓ የሚይዘው ብናኝ እንጂ ጋዝ ስላልሆነ ማጣሪያው ሲዞር ማየታችሁ አያድናችሁም።

መኪና ማቆሚያ፣ ግንባታ ወይም ሌላ የውጭ ሥራ የምትይዙም ብትሆኑ መብታችሁን እወቁ፤ በዚያ ግዛት ደንብ ቁጥሩ በጨመረ መጠን የአየሩን መክፋት የሚያሳየው የአየር ጥራት መለኪያ በጥቃቅን ብናኝ 151 ሲደርስ አሠሪው ብናኝ የሚያስቀረውን ኤን95 ጭምብል ማቅረብ አለበት። ይህን ማንም ሳይነግራቸው አፋቸውን በነጠላ ጨርቅ አስረው በጭስ ውስጥ ሙሉ ቀን የዋሉ የአገሬን ልጆች አይቻለሁ፤ ጨርቅ ደግሞ እነዚያን ብናኞች አያስቀርም።