አሮጌው ባሌስትራ የወረደበት ቀን

ዛሬ ሙሉ ቀን ከመኪናዬ ሥር ዋልኩ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 የላንድክሩዘር 70ን የፊት ባሌስትራ (ክብደት የሚሸከሙ ተደራራቢ የብረት ዝርግ ስፕሪንጎች) በሞላ ማለትም በተጠቀለለ ስፕሪንግ ከመተካቱ በፊት የተሠራች ናት፤ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የቆመች። እኔ የምወዳትም በዚሁ ጥንካሬዋ ነው።

የኋላው ባሌስትራ ሲወርድ ስነዳት ይሰማ የነበረው የኳኳታ ምንጭ ታየ። የባሌስትራው ጎሚኒ (ቡሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ) በአንድ በኩል ሳስቶ አልቋል፤ በሌላ በኩል ተሰነጣጥቆ በጣቴ ስነካው ጥቁር ፍርፋሪ ሆኖ ረገፈ። በውስጡ የሚያልፈው ቡሎንም ተበልቶ ክብነቱን አጥቷል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ወደ አሞርዛተር (የባሌስትራውን መንጠር የሚያረግበው ዕቃ) ይሮጣል፤ እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ጎሚኒው ነው ባይ ነኝ። (አሞርዛተሮቹም አርጅተው ስለነበር የግራና የቀኙ አብረው ተቀይረዋል።)

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለማጥበቁ ነው። መኪና በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ የጎሚኒ ቡሎን እስከ መጨረሻው መጥበቅ የለበትም። ላስቲኩ በዚያው ሁኔታ ይታሰርና መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዛል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ስለዚህ አስቀድሞ አራቱም እግር መሬት ይርገጥ፣ ባሌስትራው ክብደቱን ይሸከም፣ ከዚያ ይጠበቅ። ይህን እያወቀ የሚዘል መካኒክ ያናድደኛል፤ የሰው ገንዘብና ልፋት ነው የሚባክነው።

ባሌስትራውን ከአክስሉ (የግራና የቀኙን ጎማ ከሚያገናኘው ዘንግ) ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖችም አዲስ ናቸው። አንዴ የተለጠጠ ቡሎን እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይይዝም። ጥቂት ከተነዳች በኋላ እንደገና አጠብቃቸዋለሁ፤ አዲስ ባሌስትራ ቦታውን ሲይዝ ማሰሪያው ትንሽ ይላላልና።