ግሪስ የነካው ቁልፍ

ባሕር ዳር ውስጥ ነሐስ እያቀለጥኩ የጀልባ ፕሮፔለርና ቡሽ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) እሠራለሁ። ደንበኞቼ የጣና ጀልባ ባለቤቶች ናቸው። ምድጃዬ የሚነደው በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው።

ዘይቱ ጥቁር ጭስ እያወጣ አስቸገረኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ አየሩ ስስ ነው። ንፋስ መስጫዬ የሚገፋው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገፋው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ 78 በመቶው አየር ናይትሮጅን ነው። አይነድም፤ ሙቀቱን ይዞ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ስለዚህ ኦክስጅን ልጨምርበት አልኩ።

«አየሩን ተወው፣ ንጹሕ ኦክስጅን ብቻ ስጠው» ያሉኝ ነበሩ። አትስሟቸው። አንድ ሊትር ዘይት ለመንደድ ከ2 ሜትር ኩብ በላይ ኦክስጅን ይፈልጋል። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት የሚይዘው 6 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሦስት ሊትር ዘይት እንኳ ሳያነድ ያልቃል። ራሱ ኦክስጅን የሚያመርት የብረት ወይም የመስታወት ፋብሪካ ያዋጣው ይሆናል። እኔን አያዋጣኝም። ነበልባሉም ተራውን የሸክላ ጡብ ያቀልጠዋል። እኔ አየሩ ውስጥ ያለውን 21 በመቶ ኦክስጅን ወደ 23 ብቻ ከፍ አደረግሁት። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሲሊንደር ከ20 ሊትር በላይ ዘይት ያደርሳል።

የኦክስጅኑን ቱቦ ያስገባሁት ከንፋስ መስጫው በኋላ ነው፤ የንፋስ መስጫው ኩሽኔታ ግሪስ አለው። ግሪስና ኦክስጅን እንዳይገናኙ እዚህ ተጠንቅቄ፣ ሲሊንደሩ ጋ መርሳቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ሬጉሌተር ሲሊንደሩ ላይ ስንገጥም ረዳቴ «ጋሼ፣ ያስተነፍሳል» አለኝ። ሻጩ ሲሊንደሩን ሲያስረክበኝ «ካስተነፈሰ ትንሽ ግሪስ ቀባው» ብሎኝ ነበር። የሬጉሌተሩ ማሰሪያ ጥርስ ላይ ቀባሁ። በዘይት በተለወሰ እጄ፣ በዚያው ዘይት በጠጣው ቁልፍ አጠበቅሁት። ከዚያ ቫልቩን በአንዴ ከፈትኩት።

ክብሪት አልጫርንም። ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር። ግን 150 ባር ወደ ባዶ ሬጉሌተር በድንገት ሲገባ ጋዙ ተጨምቆ ይግላል፤ ግሪስ ደግሞ በኦክስጅን ውስጥ ለመንደድ ብዙ አይፈልግም። ሬጉሌተሩ እንደ ብየዳ ነጭ እሳት ተፋ። ቫልቩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም። ረዳቴ ልጁ አጠገቤ ነበር። ግራ እጁ ተቃጠለ። በባጃጅ ወደ ክሊኒክ ስወስደው እጁን አቅፎ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሻጩ ጋ ስሄድ «ግሪስ ቀባ ያለህ ማነው?» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። በሳምንቱ ተቆጣጣሪ መጣ። የእሳት ማጥፊያውን ቀንና የግድግዳውን ማስጠንቀቂያ አየ፣ ፈረመ፣ ሄደ። የመሣሪያ ሳጥኔን አልከፈተም። ዘይት ውስጥ የሚዋኙ ቁልፎች ነበሩበት።

አሁን ለኦክስጅን ብቻ የተለየ ቁልፍ አለኝ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ከመንካቴ በፊት እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ጓንት የግድ ነው ይሉናል፤ ዘይት የጠጣ ጓንት ግን ከታጠበ ባዶ እጅ የከፋ ነው። ቫልቩን ቀስ ብዬ፣ ከሬጉሌተሩ ፊት ዞር ብዬ እከፍታለሁ። ካስተነፈሰ እዘጋና ሲሊንደሩን እመልሳለሁ።

ልጁ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። ያ ሻጭም ዛሬ ድረስ እዚያው ይሸጣል። ለሌላ ገዢ ያንኑ ምክር እንዳይሰጥ ፈርቼ ነው ይህን የጻፍኩት።