ዘንቢሉን ያዝልኝ

ወሎ በሄድኩ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የዞርኩት በኮንትራት መኪና ነበር። ሐይቅን አየሁ፣ የጦሳን ተራራ አየሁ፣ ፎቶ አነሳሁ። ከሾፌሩ በቀር ግን ከማንም ጋር አላወራሁም። እሱም ቢሆን አብዛኛውን መንገድ ስልክ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብሩም ስለሳሳ ደሴ መናኸሪያ ሄድኩ።

ቀኑ ሰኞ ነው፤ የባቲ ገበያ የሚቆምበት። በኮምቦልቻ በኩል ወደዚያው ልሄድ ነው። «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ። ገብቼ ስቆጥር አምስት ሰው ይቀራል። ይህቺ ውሸት አዲስ አበባም ስላለች አልገረመችኝም።

መስኮት ጥግ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ኤርፎን ሰካሁ። ኤርፎን የሰካን ሰው ማን ያናግራል? ያወለቅኩት አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ጭኔ ላይ ሲያስቀምጡ ነው። «ያዝልኝ የኔ ልጅ፤ እንቁላል ነው፣ ለአራስ ልጄ።» እሺ ማለቴን እንኳን አልጠበቁም። መኪናው በታጠፈ ቁጥር «ተረፈ?» ይሉኛል፤ «ተርፏል» እላለሁ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሐረጎን ቁልቁል ስትወርዱ ግን አገር የቀየራችሁ ይመስላችኋል። ደሴ ላይ ጋቢ የደረበው ሁሉ እዚያ ጋ መግፈፍ ይጀምራል። እኔም መስኮት ልከፍት ስል ከኋላ አንድ አባት «ኧረ ንፋሱ!» አሉኝ። ዘጋሁት። በዚያው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ወሬ ተጀመረ።

ያበላሸሁትም እዚህ ጋ ነው። እናትየው ስለ አራሷ ሲያወሩ ባሏ ሰይድ፣ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ኃይለ ማርያም እንደሚባል ነገሩኝ። ግራ ገባኝና «እማማ፣ እርስዎ ሙስሊም ነዎት ክርስቲያን?» ብዬ አረፍኩት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። «አባቴ ሼህ፣ አጎቴ መሪጌታ፤ የቱን ልንገርህ?» አሉኝ። አፈርኩ። «አብሽር፣ ወሎ ነው ያለኸው» አሉ የኋላው አባት።

ከዚያ ወዲህ ከማላውቀው ሰው ጎን ስቀመጥ ስለ ሰውየው አልጠይቅም። ስለ መንገዱ ነው የምጠይቀው። የት ልውረድ? ታሪፉ ስንት ነው? የባቲ መኪና ከየት ይነሳል? የቀረውን ሰውየው ከፈለገ ራሱ ያወራዋል። በኋላ ናይሮቢ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥም ሞክሬዋለሁ፤ ቋንቋው ባይገባኝም «የት ልውረድ» የምትለዋ ትሠራለች።

ሌላው ዝርዝር ብር ነው። ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል ባለ 200 ብር ሰጠሁት። መልስ የለም አለ። የኋላው አባት የእኔንም ከፈሉ። ብሞት አልቀበልም ብዬ ብከራከርም ተሸነፍኩ። አሁን ዝርዝር ሳልይዝ መኪና አልገባም፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ ምናልባት ጎኔ ለሚቀመጥ ሰው።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ዘንቢሉን ተሸክሜ እስከ ባጃጅ አደረስኳቸው። «ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም!» ብለው አስገቡኝ። አራሷ ቤት እንቁላሉ ሲቆጠር አንዱ ተሰንጥቋል። «ይሄ ያንተ ነው» ተባልኩና ተጠብሶ ቀረበልኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ሰዓቱ ነጎደ።

ባቲ የደረስኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አፋሮቹ ግመሎቻቸውን እየነዱ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተላለፍን።