939 ደውዬ «ጀሞ» ብቻ ያልኩ ቀን

ቁጥሩን አውቀው ነበር። 939። አዲስ አበባ ውስጥ እሳት ሲነሳ የሚደወልበት ነጻ መስመር ነው። ደወልኩ፣ ወዲያው ተነሳ። እስከዚህ ድረስ ምንም አይከብድም።

ቅዳሜ ማታ ነው። ከእኔ በታች ያሉት እትዬ እንጀራ እየጋገሩ የምጣዱ ገመድ የተሰካበት ማከፋፈያ ነደደ። እሳቱ መጋረጃውን ያዘ፣ ጭሱ ደረጃውን ሞላው። እኔ «ጀሞ ኮንዶሚኒየም እሳት ተነስቷል፣ ድረሱልን!» ብዬ ጮህኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ዘጋሁት! እስከዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ «የትኛው ጀ...» ስትል ሰምቻታለሁ። ጀሞ 1 አለ፣ ጀሞ 2 አለ፣ ጀሞ 3 አለ። እኔ የምኖረው 2 ነው። ለእኔ ጀሞ ማለት ሰፈሬ ነው፤ ለእሷ ግን ተራራ የሚያህል የብሎክ ክምር ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ የመንገድ ስም ተናግሮ ሰው ማስመጣት አይቻልም። «ከታክሲ ማዞሪያው ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» እየተባባልን ነው የምንገናኘው። ይሄን እያወቅኩ ምልክት አልሰጠሁም፣ ብሎክ አልነገርኩም።

የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩ። ከእሱ ጋር ሳወራ ሴትየዋ መልሳ መላልሳ ትደውል ነበር። ሦስት ያልተነሳ ጥሪ። ያየሁት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። መኪናው መጀመሪያ ጀሞ 1 ገብቶ ሲፈልገን እንደነበር የነገረኝ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱ ነው።

እስኪደርሱ አንድ ጎረምሳ ሮጦ ቆጣሪውን አጠፋ። ሌላው ጀሪካን ይዞ ሊያፈስ ሲል «መብራቱ ሳይጠፋ ውሃ እንዳታፈስ!» ብለው የጮኹበት እግዚአብሔር ይስጣቸው። እትዬን አወጣናቸው፤ ግን እጃቸው ተቃጥሎ ነበር። መኪናው ሲመጣም መግቢያው ላይ የቆመ የቤት መኪና ባለቤት እስኪገኝ ሌላ ደቂቃ ሄደ።

«ስትደውሉ ተረጋጉ» ይባላል። እኔ በዚህ ምክር አላምንም። እሳት እያየ የሚረጋጋ ሰው የለም። ይልቅ ዛሬ፣ በሰላሙ ቀን፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ሳይት፣ ብሎክና አንድ የታወቀ ምልክት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በራችሁ ላይ ለጥፉ። ስትደነግጡ ማንበብ ብቻ ይበቃችኋል። ሰው ውስጥ እንዳለ፣ ሲሊንደር እንዳለ ተናገሩ። እነሱ ሳይዘጉ እናንተ አትዝጉ። ከተዘጋም በዚያ ስልክ ለማንም አትደውሉ፤ ለዘመድ ሌላ ሰው ይደውል። አንድ ልጅ ዋናው አስፋልት ድረስ ላኩ። «ትንሽ እሳት ነው፣ መጀመሪያ እንሞክር» የሚላችሁንም አትስሙት። ጠፍቶ ቢደርሱ መኪናው ይመለሳል፣ በቃ።

እትዬ እጃቸው ድኗል፣ ጠባሳው ግን አለ። ቡና ባፈሉ ቁጥር «ልጄ፣ አንተ ባትደውልልኝ ኖሮ» እያሉ ይመርቁኛል። ስለ ሦስቱ ጥሪዎች እስካሁን አልነገርኳቸውም።