መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ዋይፋይ

የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙ ሳይርቅ፣ የከተማው ዳርቻ ከእርሻ ማሳ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ በሚገኝ አንድ የሸቀጥ መጋዘን ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። የኮምፒውተር ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ፤ ማተሚያው ወረቀት ሲጎርስም ሆነ የበሩ ካሜራ ሲጨልም የሚጠራው ያው አንድ ሰው ነው። ሰባቱም ላፕቶፖቻችን የሚሠሩት ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት፣ በተለይም ኡቡንቱ በሚባለው ዓይነቱ ነው። ይህን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር «ያ ሊኑክስህ» መባሉን ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ክረምት የመጋዘን ኃላፊያችን ቅሬታ ይዘው መጡ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ነገር የማያጋንኑ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ሾፌሮቹ ደረሰኝ እየጠበቁ እኔ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ እቀራለሁ» አሉኝ። በእኛ አካባቢ በክረምት መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለምና ነገሩ ምርመራ የሚያሻው መስሎ አልታየኝም። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን መሣሪያ፣ የሚይዘው ቢሮ ጥግ የተቀመጠው ዩፒኤስ የተባለ ባለባትሪ መጠባበቂያ ነው፤ ስለዚህ ባትሪው ደክሞ ራውተሩ ለአፍታ እየጠፋ እንደሚነሳ ወዲያው ደመደምኩ። ራውተሩ በእርግጥ ጠፍቶ ይነሳ እንደሆነ ግን ሄጄ አላየሁም። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ እንዲገዛ ጠየቅኩ፤ ግዥው ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ባትሪው ተቀየረ፤ በማግስቱ መብራት ጠፋ፤ የኃላፊዋም ዋይፋይ አብሮ ጠፋ።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት የአየር ሞገዱን ነው። ራውተራችን የሚያሰራጨው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ በዚህ የሞገድ ክልል ውስጥ እርስ በርስ የማይደራረቡት የተለመዱ ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በዙሪያችን ያሉት ሱቆችና ወርክሾፖች አብዛኞቹ 6 ላይ ተጨናንቀው ስላገኘኋቸው የእኛን ወደ 11 አዛወርኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ቅሬታ አልመጣም፤ ለሥራ አስኪያጁም ችግሩ መፈታቱን ነገርኩ። ያን ሳምንት መብራት አንድም ቀን እንዳልጠፋ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

መፍትሔውን ያመጡት ኃላፊዋ ራሳቸው ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አምፖሉ ሁሉ እየበራ ሳለ፣ ላፕቶፑን ክፍቱን በክንዳቸው አቅፈው ወደ ቢሮዬ ገቡ። «ዛሬስ መብራት አልጠፋም። ጭነት ልቆጥር ከሶኬቱ ነቅዬው ወደ መጫኛው በር ስወጣ ግን ዋይፋዩ ሄደ» አሉ።

ላፕቶፑን ከእጃቸው ተቀብዬ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከራውተሩ አራት እርምጃ በማይሞላ ርቀት አስቀመጥኩት። ቻርጀሩን ሰክቼ ራውተሩን ፒንግ ማድረግ፣ ማለትም አጭር መልእክት እየላኩ መልሱ የሚወስደውን ጊዜ መለካት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ራውተሩን እንጂ የውጭ አድራሻ ፒንግ አለማድረግ ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ የገመድ አልባው ችግርና የኢንተርኔቱ ችግር ይደባለቃሉ። መልሱ በ2 እና በ3 ሚሊሰከንድ ይመላለስ ነበር። ከዚያ ቻርጀሩን ነቀልኩት። ጥቂት ሰከንድ እንደቆየ ቁጥሩ 90፣ 140፣ 210 እያለ ወጣ፤ አንዳንዱ ፓኬትም (የተላከው ትንሽ የመረጃ ጥቅል) ጭራሽ ሳይመለስ ቀረ። መልሼ ስሰካው ወደ 2 ወረደ። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ኃላፊዋም ከኋላዬ ቆመው «በል ንቀለው፣ በል ሰካው» እያሉ ያስተናብሩኝ ነበር።

የቀረው የሲስተሙን መዝገብ ማንበብ ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሜ ላደርገው ይገባኝ የነበረም ይኸው ነው። ግንኙነቱ በተቋረጠበት ደቂቃ የተጻፈው መስመር «ምክንያት 4» ይላል። በዋይፋይ ደንብ ቁጥር 4 እንቅስቃሴ በመጥፋቱ የተነሳ መለያየትን ያመለክታል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ራውተሩ ዝም ያለውን ላፕቶፕ አስወጣው ብሎ ይፈርዳል። በዚያው መስመር ጫፍ ላይ ግን ማቋረጡ የመነጨው ከራሱ ከላፕቶፑ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ነበር። ራውተሩ ማንንም አላስወጣም፤ ላፕቶፑ የራውተሩ ድምፅ አልሰማ ብሎት ራሱ ነው የወጣው።

የማይሰማውም አንቀላፍቶ ስለነበር ነው። አንድ ራውተር በተለመደው አሠራሩ በየ102.4 ሚሊሰከንዱ «አለሁ» የሚል አጭር ምልክት ይልካል። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ካርድ ኃይል ቆጣቢው ሲበራለት በነዚህ ምልክቶች መካከል ይተኛል፤ ራውተሩ በዚያ ጊዜ የደረሰለትን ፓኬት ይዞ ያቆይለታል፤ ካርዱም ነቅቶ ይወስዳል። ካርዱና ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ሶፍትዌር) በደንብ ከተግባቡ ተጠቃሚው ምንም አይታወቀውም። ካልተግባቡ ግን ካርዱ በሰዓቱ አይነቃም፤ ምልክቶቹ ተከታትለው ሲያመልጡት ራውተሩ የጠፋ ይመስለውና ግንኙነቱን ይበጥሳል። ከሰባቱ ላፕቶፖች ሦስቱ ተመሳሳይ የዋይፋይ ካርድ አላቸው፤ የኃላፊዋ ከእነሱ አንዱ ነበር።

በባትሪ ላይ ብቻ ለምን? ለዚህ መልስ ለመስጠት ከሚያዝያ ወር የራሴን ማስታወሻ ማገላበጥ ነበረብኝ። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ላፕቶፖቹ ትንሽ እንዲቆዩ ብዬ በሁሉም ላይ ቲኤልፒ የተባለውን ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም የጫንኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ እንደተጫነ ማንም ሳይነካው፣ ላፕቶፑ ሶኬት ላይ ሲሆን የዋይፋዩን ኃይል ቁጠባ ያጠፋል፤ ባትሪ ላይ ሲሆን ያበራል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ካርዱ ማንቀላፋት ይጀምራል፤ እኛ ደግሞ ጣታችንን ወደ ራውተሩ እንቀስራለን። የእኔ ላፕቶፕ ቀኑን ሙሉ ከሶኬት ስለማይነቀል፣ «እኔ ጋ ይሠራል» ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ለእርሳቸው ግን አልረዳቸውም።

ማስተካከያው ሁለት ደቂቃ ወሰደ። በቲኤልፒው ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ባትሪን የሚመለከተውን የዋይፋይ መስመር ከ«ኦን» ወደ «ኦፍ» ቀየርኩና ፕሮግራሙን ዳግም አስነሳሁት። በዚህ ሁለቱ ላፕቶፖች ዳኑ፤ ሦስተኛው ግን ሶኬት ላይ እያለም መንቀራፈፉን ቀጠለ። እሱ ቲኤልፒ ተነቅሎለት የቆየ ሆኖ ተገኘ፤ ያንቀላፋው በኡቡንቱ በራሱ ቅንብር ነበር። የኔትወርክ ግንኙነቱን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር የተባለ ፕሮግራም በሚያነበው አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ የዋይፋይ ኃይል ቁጠባ ቁጥር 3 ሆኖ ተቀምጧል፤ 3 ማለት አብራ፣ 2 ማለት አጥፋ ነው። 2 አድርጌው ስነቅልም ስሰካም ፒንጉ ከ5 ሚሊሰከንድ አላለፈም። የባትሪው ዕድሜ ያጥር ይሆን ብዬ ለጥቂት ቀናት ተከታተልኩ፤ የላፕቶፕን ባትሪ በዋናነት የሚበላው ስክሪኑ ነውና በእኛ ሥራ ላይ የሚታይ ልዩነት አላገኘሁም።

ለሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ፤ በመጀመሪያው ላይ ተፈትቷል ያልኩት ችግር ያልተፈታ እንደነበር፣ መነሻውም እኔ የጫንኩት ፕሮግራም እንደሆነ አስገባሁበት። የባትሪውን ግዥ በሚመለከት ጥያቄ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ማንም አልጠየቀኝም። «ሞቷል» ብዬ ከዩፒኤሱ ያወጣሁትን አሮጌ ባትሪ ግን የጥበቃው ጋሼ ወስደውት ነበር፤ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ የዘበኛ ቤቱን ትንሽ አምፖል እስከ ንጋት ያበሩበታል።