የድራም ኤንድ ቤዝ ምቴን ከድግግሞሽ ያላቀቅሁበት መንገድ

ጎንደር ሆኜ በኮምፒውተሬ ድራም ኤንድ ቤዝ (በፈጣን የድራም ምትና በወፍራም የቤዝ ድምፅ ላይ የቆመ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዘውግ) ማቀናበር ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የዘውጉ ሥራዎች እርስ በርስ እየተመሳሰሉ መምጣታቸው ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 174 ምት አካባቢ ነው፤ ኪኩ (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ ድራም) በመጀመሪያው ምትና ከሦስተኛው ቀጥሎ ባለው ግማሽ ላይ፣ ስኔሩ (ስል ድምፅ ያለው ድራም) በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ይወርዳል። ብዙ አቀናባሪ ይህን አንድ ጊዜ ከደረደረ በኋላ እስከ ፍጻሜው ሳይነካው ይገለብጠዋል።

ፍለጋዬን ከምንጩ ጀመርኩ። ዊንስተንስ የተባለው የአሜሪካ ቡድን በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው «አሜን ብራዘር» ውስጥ ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን የመታው ሰባት ሰከንድ ገደማ የሆነ የድራም ክፍል፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ለተወለዱት የጃንግልና የድራም ኤንድ ቤዝ ዘውጎች እየተቆረጠና እየተደጋገመ ዋና መሠረት ሆኗል። (ኮልማን ከዚህ ሁሉ አንዳች ክፍያ ሳያገኝ በ2006 እ.ኤ.አ. መሞቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።) የዚህን ክፍል አራት ባሮች (አንድ ባር አራት ምት ነው) ቆራርጬ ሳዳምጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተመሳሳይ ናቸው፤ በሦስተኛው ላይ ግን የመጨረሻው ስኔር በግማሽ ምት ይዘገያል፤ አራተኛው ደግሞ የመጀመሪያ ምቱን ባዶ ትቶ ይነሣና ሲምባሉን (የብረት ሳህኑን) ከሚጠበቅበት ቀድሞ ያሰማል። የመጀመሪያውን ባር ብቻ ወስዶ የሚደጋግም ሰው የሰውየውን ጥበብ ጥሎ ድምፁን ብቻ ወስዷል።

ከዚያ በኋላ በሰርግ ላይ ከበሮ የሚመቱ ጎረቤቴን በግቢያችን እንድቀዳቸው ለመንኳቸው። ማይክራፎኑን ደቅኜ ብቻቸውን እንዲመቱ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ዘፋኝ ሳይኖር ለማን ብዬ ልምታው?» አሉኝ። ባለቤታቸው እያጨበጨቡ ሲያዜሙላቸው ምታቸው ሌላ ሆነ፤ በየስንኙ መድረሻ የከበሮው ሰፊ በኩል ወፍራም ድምፅ ጥቂት ይዘገያል፣ ክፍተቱንም በጠባቡ በኩል የጣታቸው ጫፍ በቀላል ምቶች ይሞላዋል።

ባህላዊ መሣሪያ መጨመር ብቻውን አዲስነት አያመጣም፤ ከበሮውም በአንድ ባር ተቆርጦ ከተደጋገመ ያው ነው። ስለዚህ ቅጂውን ረጅም እንደሆነ አስገባሁት፤ የ174ቱን ግማሽ፣ ማለትም 87ን ይዤ፣ ድራሙ እያንዳንዱን ምት ለአራት ሲከፍል ከበሮው ለሦስት እንዲከፍለው አደረግሁ፤ ከኮምፒውተሩ የምት መለኪያ መስመር ጋር ያገጠምኩትም የየአራት ባሩን መነሻ ብቻ ነው፣ የቀረውን መዘግየትና መቅደም እንዳለ ተውኩት።

አሁን ቤዙን የምጽፈው ከከበሮው በኋላ ነው። የከበሮው ሰፊ በኩል በሚመታበት ቦታ ሁለቱ ዝቅተኛ ድምፆች እንዳይዋዋጡ ቤዙን ዝም አሰኘዋለሁ፤ ዘፋኟ ትንፋሽ በሚወስዱበት ክፍተት ላይ ደግሞ መልሱን የሚሰጠው ቤዙ ነው።